‘ፈርሞ ይውጣ’ ለሚለው ሐኪም ወንድሜ

ሰሞኑን አንድ ሐኪም የጻፈው ጽሑፍ በጤና ባለሙያዎች መካከል ሲዞር ከረመ። እኔም ጋ ከአንድ ሰው በላይ ልኮት ደረሰኝ። ጸሐፊው ጅማ የተማረ ነው። ኢንተርን (ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚለማመድ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ) ሳለ አንዲት ታካሚ ዘሩን ጠይቃ "አንተ አትነካኝም" ብላ አባረረችው። ቁጭቱ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። አልፈርድበትም።

ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው ነው። ሐኪሙን በዘሩ የጠላ ታካሚ ‘ሕክምና አልፈልግም’ ብሎ ፈርሞ ይውጣ፤ ሴት ሐኪም ይምጣልኝ የምትል ሴትም ከዚሁ ትቆጠር። እንዲህ ያለው ጥላቻ ያልተማረ የገጠር ሰው ጣጣ ነው፤ ጋውን የለበሰ ሰው ዘንድ የለም። ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነገር አይለቅም፤ ሆስፒታልም የግብረ ገብ ትምህርት ቤት አይደለም። ይህ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ ለየታካሚው ከወገኑ ሐኪም ይመደብለት። በመጨረሻም "ሐኪም መምረጥ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ይለጠፍ።

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በጅማና በዙሪያዋ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ከጸሐፊው ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። ስድብ ስድብ ነው። "ታሞ ነውና ቻለው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከዚያ ወዲያ ግን መንገዳችን ይለያያል።

"ሐኪሙን ያልፈለገ ፈርሞ ይውጣ"

አእምሮው የተረጋጋ አዋቂ ሰው ሕክምና አልፈልግም የማለት መብት አለው። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ግን ሰውየው አልፈልግም ያለው ሕክምናውን ነው ወይስ ሐኪሙን? ጸሐፊው ሁለቱን አንድ አድርጎ ወረቀቱን ያቀርባል።

ደግሞስ ማንን ነው የምናስፈርመው? ድንገተኛ ክፍል የሚደርስልን ሰው ትኩሳቱ 39 ገብቷል። ቁስሉ መርቅዟል። ስኳሩ ሰማይ ነክቷል። ስኳር እንዲያ ሲንር አእምሮ ይደፈርሳል። እንዲህ ያለ ሰው የሚጭራት ፊርማ ለሐኪሙ መሸሸጊያ ትሆን ይሆናል። የታካሚው ውሳኔ ናት ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ የታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ዘረኛ ታካሚ ሲገጥም ምን ይደረግ የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ጸሐፊዎቹ አምስት ነገር ይታይ አሉ። የሕመሙ ሁኔታ፣ የታካሚው የመወሰን አቅም፣ በእጅ ያለው አማራጭ፣ የጠየቀበት ምክንያት እና በሐኪሙ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት። የእኛ ጸሐፊ የያዘው የመጨረሻውን ብቻ ነው።

እኔ "ምክንያቱ" የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ጊዜ ከቡና አገር፣ ከጌራ በኩል የመጡ አዛውንት ተኝተው ነበር። የስኳር ቁስል ነው። የእግራቸው ጣቶች ጠቁረዋል። ተረኛው ኢንተርን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበር። አስታማሚው የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ነገር ማውጣጣት ያውቅበታል። "አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ?" እያለ ያዘው። ልጁም አልደበቀም። እናቴ ጀበናና ምጣድ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ አለ። በማግስቱ አዛውንቱ እግራቸውን በጋቢ ጥቅልል አድርገው "ይሄ ልጅ ቁስሌን አያይም" አሉ።

ጸሐፊያችን ቢኖር ወረቀቱ ወዲያው ይመጣ ነበር። ሲኒየሩ (የኢንተርኑ የበላይ ሐኪም) ግን ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

"አባባ፣ ቢያየው ምን ይሆናል?"

"ቡዳ ያየው ቁስል አይሽርም። ወንድሜን የፈጀው ይሄው ነው።"

ወንድማቸው እግሩ ቆስሎ ከመስከረም እስከ ፋሲካ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ስኳሩን ለክቶት የሚያውቅ ሰው የለም። እግሩ ሲሸት ነው ለሪፈር የተነሣው፤ መንገድ ላይ ሞተ። ቤተሰቡ "ለምን?" ሲል ሸክላ ሠሪዋ ተጠቆመች። እሷ ደግሞ የምትጠቆመው በዚህ ሞት ብቻ አይደለም። ልጅ ቢቀጭጭ፣ ላም ብትነጥፍ፣ አራስ ቢያማት ያው እሷው ናት። ሸክላ ሠሪዎች ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ያደገ ሰው ገላውን ለዚያ ዓይን ገልጦ መስጠት ያስፈራዋል።

ጥላቻ አለ፤ አይካድም። ከሥሩ ግን "እግሬን ይቆርጡኛል፣ እንደ ወንድሜ እሞታለሁ" የሚል ፍርሃት ነበር። መፍራታቸው ስድቡን ትክክል አያደርገውም። ፍርሃት ግን በፊርማ አይታከምም።

ሲኒየሩ ቡዳ አለ የለም ብሎ ክርክር አልገጠመም። ሐኪምም አልቀየረም። "ሐኪምዎ እሱ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ሌላ አልሰጥዎትም" አላቸው፤ ክፍሉ በሙሉ እየሰማ። ቀጥሎ የመጣውን ሐሳብ ያቀረበው ኢንተርኑ ራሱ ነው። "አባባ፣ ለጊዜው ቁስሉን ሲስተር ትክፈተው። እኔ ስኳርዎን ልያዝ" አለ። ጣት መውጋቱ፣ ኢንሱሊን ማስተካከሉ፣ ሌሊት መመላለሱ የእሱ ሥራ ሆነ። ስኳሩ ወረደ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ሰውየው ገበያ እንደሚጠይቅ ሰው "ዛሬ ስንት ገባ?" ማለት ጀመሩ። ቁጥሩን የሚነግራቸው ደግሞ ያው ልጅ ነው። አንድ ቀን ጋቢውን ራሳቸው ገልጠው "እስኪ እየው፣ ሽሯል ወይ?" አሉት። ሁለት ጣት ተቆረጠ። እግሩ ተረፈ።

አላሳምርም። ከሆስፒታል ሲወጡ ለወንድማቸው ልጅ "ማን እንዳከመኝ አገር ቤት እንዳታወራ" ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥላቻቸው ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም። ፈርመው ወጥተው ቢሆን ኖሮ ግን ሁለተኛው ወንድምም በሞተ ነበር። ያቺ ሸክላ ሠሪም ሁለተኛ ሬሳ በተቆጠረባት ነበር።

"ጋውን የለበሰ ሰው ጥላቻ የለውም"

ያናደደኝ ይሄኛው ነው። ያ ኢንተርን በኋላ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ሲስተር፣ የአባባ ነገር አልከበደኝም። የከበደኝ የጓደኞቼ ነው።" ሻይ ቤት ሲገባ "ኧረ እንዳትበላን!" እያሉ ሳህናቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት አብረውት አናቶሚ ያጠኑት ልጆች ናቸው። ቀልድ ነው ይላሉ። አዛውንቱ ያመኑበትን ፊት ለፊት ተናገሩ። የተማረው ደግሞ ያንኑ እየሳቀ ይናገራል፤ ልዩነቱ ይሄ ነው።

"የገጠር ጣጣ ነው" ለሚለውም ጅማን ማየት ይበቃል። ሂርማታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ ገበያ ነበር። ከቡናው፣ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሰውም ይሸጥበት ነበር። ባርነት በሕግ ከቀረ ቆይቷል። ሰርግ ሲታሰብ ግን "ዘሩ ምንድነው?" ብሎ በምስጢር የሚያስጠና ቤተሰብ ዛሬም አለ። ቆጪም ሂዱ፣ ፈረንጅ አራዳም ሂዱ፣ ታገኙታላችሁ። አጥኚው ዲግሪ ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ዲግሪ ነው ያለው።

የየም ሕዝብን ውሰዱ። ሕዝቡ ራሱን የም ይላል። ጎረቤቱ ግን የማይወደውን ሌላ ስም ለጥፎበት ኖሯል። ያ ስም በመንግሥት ወረቀትና በካርታ ላይ ሳይቀር ሰፍሮ ነበር። ካርታ የሚሥለው መቼም ገበሬ አይደለም። (በነገራችን ላይ ይህ ሕዝብ በየዓመቱ ጥቅምት 17 ቦር ተራራ ወጥቶ የመድኃኒት ዕፅዋት የሚለቅም ነው። ስለ ሕክምና የሚያወራ ሰው ቢያንስ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።) ከካፋ ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ የማንጆ ሰዎችም አሉ። አገራቸው ላይ በአንድ ማዕድ የማይቀርባቸው፣ ከቤቱ ደጃፍ የማያሳልፋቸው ሰው ብዙ ነው። እስኪ ራውንድ (ታካሚዎችን በየአልጋቸው ዞሮ ማየት) ላይ አልጋቸው ዘንድ የምንቆምባትን ጊዜ ከጎረቤት አልጋ ጋር አስተያዩት።

ይህ በስሜት የምለው አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው ከዝሆኔ ጋር አንድ አድርጎ ነው የሚጠራው። በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንደያዘ ይገመታል። የሚመጣው በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀይ አፈር ላይ ዓመታት በመሄድ ነው። አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል። ሕዝቡ ግን "የዘር በሽታ ነው" ብሎ ከዚያ ቤት ልጅ አያገባም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ ሳይንሱም ይናገራል። ግን ዘሩ ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ አፈሩ ካልነካው ተጋላጩም አይያዝም። እንግዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ጥናት ተደረገ። የተጠየቁት ገበሬዎች ሳይሆኑ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው ተላላፊ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ጋውን ለብሰው ማለት ነው።

ውጭ አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ሬዚደንቶችን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩ ሐኪሞችን) ጠይቀው ነበር። ግማሽ ያህሉ "የጥቁር ሰው ቆዳ ይወፍራል" ዓይነት የሐሰት ነገሮችን፣ ቢያንስ አንዱን አምነው ተገኙ። ያመኑት ደግሞ የጥቁሩን ታካሚ ሕመም አሳንሰው ገመቱ። የሕመም ማስታገሻ የሚያዝዘው ማን ነው? እነሱው ናቸው።

አሁን ወደ እምቢተኛው ታካሚ እንመለስ። እግሩ ያበጠ ሰው ወረፋው መጨረሻ ላይ፣ እግሩን በነጠላ ሸፍኖ ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፍንጫውን ይይዛል። እግሩን ሳይነካ ይጽፋል። ሰውየው ሁለተኛ አይመጣም። ካርዱ ላይ "ሕክምና አቋርጦ ጠፋ" ተብሎ ይጻፍበታል። እምቢተኛ ያደረገው ማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም። ይህ ሰው በቀጣዩ ጊዜ "ያ ሐኪም አይነካኝም" ቢል ጸሐፊው ዘረኛ ይለው ይሆን?

አቅሙ እኩል አለመሆኑንም አንርሳ። አንዱ ተኝቷል፣ አንዱ ቆሟል። አንዱ ቢላ ይዟል። ጸሐፊው "እኛም ሰው ነን" ይላል፤ ልክ ነው። ግን ታካሚ ሐኪምን ቢጠላ ሐኪሙ ያዝናል፤ ሐኪም ታካሚን ቢጠላ ታካሚው ይሞታል። ስለዚህ መጀመር ያለበት ሐኪሙ ነው።

"ከእናት ጡት ጋር የተጠባ አይለቅም"

ይህን ባጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎርደን ኦልፖርት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር አንድ ነገር አለ። የተለያዩ ሰዎች በእኩልነት ተገናኝተው፣ አንድ ግብ ይዘው፣ ተባብረው ቢሠሩ፣ የበላይ አካልም ቢደግፋቸው ጥላቻ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ወጣ። መገናኘት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አሳየ፤ አራቱ ነገሮች ሲሟሉ ደግሞ ይበልጥ። ይጠፋል አላለም፤ ይቀንሳል ነው ያለው። እኔ ከአዛውንቱ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ግባቸው አንድ ነበር፤ እግሩን ማዳን። ሥራውን ተካፍለውታል። የበላዩም በግልጽ ቆሞለታል። የጎደለው እኩልነቱ ነው፤ እሱን ደግሞ በሽተኛ አልጋ ላይ ማሟላት ከባድ ነው።

ጸሐፊው ጅማ ተምሮ ይህን መርሳቱ ይገርመኛል። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲከፈት ጀምሮ ትምህርቱ ከሕዝብ መሀል ነው ተብሎ ነው የተቀረጸው። ተማሪው በቡድን ሆኖ አጋሮ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ ይወርዳል። የሐኪሙ፣ የነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው ተማሪ አብሮ ያድራል፤ አብሮ ያበስላል። "ከእገሌ ዘር ጋር አልበላም" ብሎ የመጣ ልጅ እዚያ ወይ ይራባል ወይ ይበላል። ሲራብ የከረመ አላየሁም።

"ከወገኑ ሐኪም ይመደብለት"

መጀመሪያ ያስፈረመውን ሰው አሁን ሐኪም ሊያስመርጠው ነው። ሁለቱን ሐሳብ እንዴት አንድ ገጽ ላይ እንዳስቀመጣቸው አልገባኝም። ቢሆንም ይህኛው ሐሳብ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። ስለዚህ በቁም ነገር ልየው።

በአሜሪካ ኦክላንድ ከ600 በላይ ጥቁር ወንዶችን ያሳተፈ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ ጥቁር ሐኪም፣ ሌሎቹ ጥቁር ያልሆነ ሐኪም ደረሳቸው። ጥቁር ሐኪም የደረሳቸው የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራን የመሳሰለውን ይበልጥ ተቀበሉ። ይኸው፣ ከወገን ይሻላል ትሉኝ ይሆናል። ቆይ ግን። ሰዎቹ መጀመሪያ የሐኪሙን ፎቶ ብቻ አይተው ምርጫቸውን ሲሞሉ ልዩነት አልነበረም። ልዩነቱ የመጣው ፊት ለፊት ከተነጋገሩ በኋላ ነው። ይበልጥ ተወያይተዋል፤ ስለ ራሳቸው ችግርም አውርተዋል። ስለዚህ የሠራው የቆዳው ቀለም ብቻውን ሳይሆን የንግግሩ መግባባት ነው። መግባባት ደግሞ ከወገን ጋር ይቀላል እንጂ ለወገን ብቻ የተሰጠ አይደለም።

እኛ ጋ ለመግባባት የመጀመሪያው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ጅማ ላይ ኦሮምኛ የማይናገር ሐኪም በጽዳት ሠራተኛዋ አስተርጓሚነት ሲያክም ይውላል። ከካፋ፣ ከዳውሮ፣ ከየም የመጣውም የራሱ ቋንቋ አለው። የጽዳት ሠራተኛዋም ደከመኝ ሳትል፣ ያልተከፈላትን ሥራ፣ የገባትን ያህል ታስተረጉማለች። "ዛሬ አትሞትም" የተባለው "ትሞታለህ" ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ታካሚው እምቢ ሲል "ዘረኛ ነው" እንላለን። እስኪ መጀመሪያ አስተርጓሚ ቅጠሩና እንየው። ተማሪዎችም የሰውን ልብ ድምፅ ከመስማታቸው በፊት "የት ጋ ያምዎታል?" የሚለውን በኦሮምኛ ይማሩ።

ሌላው ነገር ቁጥሩ ነው። ሌሊት አንድ ዋርድ ላይ ስንት ኢንተርን ይገኛል? እሱን በዘር ሸንሽነህ ለማን ታዳርሳለህ? ደግሞ ከወገኑ ሐኪም ይመደብ ብንል የሸክላ ሠሪዋን፣ የፋቂውን፣ የማንጆውን ልጅ ማን ሊያክመው ነው? ከእነሱ መንደር ትምህርቱን ዘልቆ ሐኪም የሆነው በጣት የሚቆጠር ነው። ያንንም አንድ ሐኪም ሌላው ታካሚ "አይየኝ" ብሎ ካስወጣው ለማን ሊሠራ ነው? ይህ አሠራር ትርፉ ብዙ ሐኪም ላለው ወገን ብቻ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል እንዲህ ያለውን ሰልፍ አላሰበም።

አንድ ነገር ልለይ። ሴት ታካሚ ለማሕፀን ምርመራ ሴት ሐኪም ብትጠይቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሃይማኖቷም፣ ከሀፍረቷም፣ አንዳንዴም ደርሶባት ከነበረ ጥቃት ይመጣል። የሴቷን ሐኪም ሥራ ከፍ ያደርጋል እንጂ የወንዱን ዘር አይሰድብም። በተቻለ መጠን ማሟላት ይገባል። ጸሐፊው ይህንንም ከዘር ጥላቻ ጋር በአንድ ሙቀጫ መውቀጡ ልክ አይደለም።

"ማስታወቂያ ይለጠፍ"

ይለጠፍ። አልቃወምም። በአማርኛም በኦሮምኛም ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለውም ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ትንገረው።

ግን ብዙ አንጠብቅ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሙያው የሚያዋርድ እንደሚቀጣ ተነገረ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡናችንን ግን እስከ ዛሬ ከሸክላ ሠሪዋ ጀበና እየቀዳን እሷን ከረከቦቱ እናርቃታለን። ንጉሥ ያልቻለውን ኤ-አራት ወረቀት ይችለዋል ብዬ አላስብም።

ከወረቀቱ ይልቅ ለተሰደበው ልጅ የሚጠቅም ነገር ልጠቁም። ስድቡን ብቻውን አይመልስ። ታካሚው እምቢ ባለ ጊዜ ሲኒየሩ ራሱ መጥቶ፣ በታካሚው ፊት፣ "ሐኪምህ እሱ ነው" ይበል። ኢንተርኑ ከፈለገ ይቀጥል፤ ካልፈለገም እንደ ሰነፍ ሳይቆጠር ይቀየር። የሆነው ነገር በጠዋቱ ስብሰባ ላይ እንደ ማንኛውም ጉዳይ ይነሣ። ሳህን የሚሸፍኑት ጓደኞቹም ያኔ ተቀምጠው ይስሙ። ይህ በጀት አይፈልግም፤ ደብዳቤም አይፈልግም። የሚፈልገው ተረኛው ሲኒየር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልኩን ማንሣቱን ነው። ጸሐፊው ዛሬ ራሱ ሲኒየር ነው፤ ከራሱ ስልክ ቢጀምር ደስ ይለኛል።